ንቦቹን ሳይገድሉ ከስጋት ላወጡን ንብ አናቢ የቀረበ ምስጋና

ይህን ምስጋና በአደባባይ የምጽፈው፣ ለእኚህ ሰው በቃል ያቀረብኩት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ስላልበቃኝ፣ ደግሞም በፈረንሳይ ገጠር የምትኖሩ ወገኖቼ እንዲህ ያለ ሰው በአቅራቢያችሁ መኖሩን ሳታውቁ በከንቱ እንዳትጉላሉ በማሰብ ነው። እኛ የምንኖረው በክሮዝ፣ ከጌሬ ከተማ ራቅ ባለች ትንሽ መንደር ነው። ክሮዝ በፈረንሳይ ሕዝብ እጅግ ከሳሳባቸው አካባቢዎች አንዱ በመሆኑ፣ ሰው ሲቸግረው በሩን የሚያንኳኳበት ጎረቤት እንኳ ሩቅ ነው። የቅርብ ጎረቤቶቻችን ጡረታ የወጡ እንግሊዛውያን ባልና ሚስት ናቸው፤ ደግ ሰዎች ቢሆኑም እንደ እኛው ከሌላ አገር የመጡ ስለሆኑ ለየትኛው ችግር ማን እንደሚጠራ አያውቁም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሜይ ወር አጋማሽ ላይ ነው። እዚህ ያሉ ገበሬዎች «የበረዶ ቅዱሳን» የሚሏቸው ከሜይ 11 እስከ 13 ያሉት ቀናት ሳያልፉ ቲማቲም አይተክሉም፤ ውርጭ ይመታዋል ይላሉ። እኛም ምክራቸውን ሰምተን ቆይተን ችግኛችንን በምንተክልበት ቀን፣ ከጓሮው በኩል እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ድምፅ መጣና ሰማዩ በንብ ጠቆረ። መንጋው ጥቂት ዞሮ ዞሮ በልጆቻችን መኝታ ቤት መስኮት የእንጨት መዝጊያ ላይ ሰፈረ። ታላቋ ልጄ ባለፈው ዓመት በአንዲት ንብ ተነድፋ ፊቷ አብጦ ሆስፒታል የገባች ስለሆነች፣ ምን ያህል እንደደነገጥን ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ይረዳዋል።

ከዚያ በኋላ የደረሰብኝን ሳስታውስ አሁንም ይመረኛል። በኢንተርኔት ፈልጌ ያገኘሁት የመጀመሪያው ድርጅት፣ ስሙን መጥራት አልፈልግም፣ የሰፈረው ንብ ይሁን ተርብ እንኳ ሳይጠይቀኝ መርዝ እንደሚረጭ ነግሮኝ፣ ገና ከቢሮው ሳይነሣ ክፍያውን በካርድ እንድፈጽም አዘዘኝ፤ የጠራው ዋጋም የቤታችንን የወር አስቤዛ የሚያክል ነበር። ንቦቹን ሳይገድል የሚያነሣ ሰው እንደምፈልግ ስገልጽለት «እንግዲያው አብረሃቸው ኑር» ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ሁለተኛው ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ ብሎ ስላስታመነኝ፣ ከሥራ ቀርቼ፣ በርና መስኮቱን ዘግቼ፣ ልጆቹን ሳሎን ውስጥ ሰብስቤ እስኪመሽ ጠበቅሁት፤ አልመጣም፣ ስደውልለትም አላነሣም። ሌላው ደግሞ አነጋገሬን ሰምቶ ሳቀና «ፈረንሳይኛ የሚችል ሰው ካለ አቅርብልኝ» አለኝ። በዚህ አገር ሠርቶ፣ ግብር ከፍሎ፣ ልጆቹን በቋንቋው እያስተማረ ለሚኖር ሰው ይህ ቃል እንዴት እንደሚያቆስል የደረሰበት ያውቀዋል።

በማግስቱ ጠዋት ወደ መንደራችን ሜሪ (ማዘጋጃ ቤት) ሄድኩ። በሳምንት ጥቂት ግማሽ ቀናት ብቻ የምትከፈት አንዲት ክፍል ናት፤ ጸሐፊዋ ግን ነገሩን ሰምታ ሳትጨርስ ከመሳቢያዋ አንድ ወረቀት አወጣች። የአካባቢው ንብ አናቢዎች ስምና ስልክ የሰፈረበት፣ መንጋ ሲሰፍር የሚጠሩ ሰዎች ዝርዝር ነበር። እርሷው ራሷ ደወለችልኝና ቤቴ ከመድረሴ ንብ አናቢው ሽማግሌ በአሮጌ ካንጉ መኪናቸው ደርሰው በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

ሥራውን በዝርዝር ላስረዳችሁ አልችልም፤ ያየሁትን ብቻ ልናገር። አልቸኮሉም፣ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። የእንጨት ሣጥን ከመዝጊያው ሥር አስጠግተው፣ እንደ ወይን ዘለላ የተንጠለጠለውን ክምር በዝይ ላባ ቀስ እያሉ ወደ ውስጥ ጠረጉት። ከዚያም ሣጥኑን በአንዲት ድንጋይ ከፍ አድርገው ክፍተት ተዉለትና ቁጭ ብለው መመልከት ጀመሩ። ንቦቹ በክፍተቱ አፍ ላይ ተሰልፈው ጅራታቸውን ወደ ላይ ቀስረው ክንፋቸውን ያርገበግቡ ጀመር።

በዚህ ጊዜ ነው በመስታወቱ ውስጥ ሆና ትከታተል የነበረችው እናቴ «አውራዋ ገብታለች፤ አሁን ሁሉም ይከተሏታል» ያለችው። እናቴ ልትጠይቀን ከጎጃም የመጣች ስትሆን፣ ያደገችው አባቷ ቀፎ በሚሰቅሉበት ቤት ነው። ሽማግሌው ምን እንዳለች ጠየቁኝ፤ ስተረጉምላቸው ባርኔጣቸውን አነሡና «እናትዎ ንብ ያውቃሉ ማለት ነው። እባክዎን እናንተ ጋ እንዴት እንደሚሠራ ይጠይቁልኝ» አሉኝ። እናቴ ከመጣች ጀምሮ ከእኛ በቀር የሚያናግራት ሰው አልነበረም፤ አንድም ሰው ስለምታውቀው ነገር ጠይቋት አያውቅም። ያን ቀን ግን ወጥታ አጠገባቸው ተቀመጠችና፣ ከሸምበቆ ተሠርቶ በእበትና በአመድ የሚለሰነውን ረጅም ቀፎ በእጇ እየሣለች፣ ማሩ በሌሊት በጭስ እንዴት እንደሚቆረጥ አጫወተቻቸው። እርሳቸውም ከኪሳቸው ደብተር አውጥተው የቀፎውን ሥዕል ነደፉና፣ ልክ መሆኑን እንድትነግራቸው አሳዩዋት። ይህን ለማመስገን ቃል የለኝም።

ሲመሽ ተመልሰው መጡ፤ ውጭ የቀሩት ሁሉ ገብተው ነበርና ሣጥኑን ዘግተው ጫኑት። ገንዘብ ስሰጣቸው አልቀበልም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በሎት ኤ ጋሮን መገኘቱ የታወቀው የእስያ ተርብ እዚህ ድረስ ተስፋፍቶ ንቦቻቸውን እየበላባቸው ስለሆነ፣ ሳይሞት የዳነ መንጋ ሁሉ ለእርሳቸው ትልቅ ነገር መሆኑን ነገሩን። ይባስ ብለው ለእናቴ እዚህ «ሻቴኚዬ» (ቼስትነት) ከሚሉት ዛፍ አበባ የተገኘ ማር በብልቃጥ ሰጥተዋት ሄዱ። ጥቁርና መረር ያለ ማር ነው፤ እናቴ ብርዝ በጥብጣበት ሁላችንም ጠጣን፣ ለእንግሊዛውያኑ ጎረቤቶቻችንም ደረሳቸው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ከኤፕሪል እስከ ጁን ባለው ጊዜ መንጋ ቢሰፍርባችሁ አትርጩበት፣ ውኃም አትድፉበት፤ ልጆቻችሁን አርቃችሁ ወዲያውኑ ወደ ሜሪ ደውሉና የንብ አናቢዎችን ዝርዝር ጠይቁ። ብዙዎቹ ያለ ክፍያ ወይም በነዳጅ ብቻ ይመጣሉ፤ መንጋው ግድግዳ ወይም ጭስ ማውጫ ውስጥ ገብቶ ከተቀመጠ ግን ሥራው ስለሚከብድ አትዘግዩ። በፍርሃታችሁ ለሚነግዱ ሰዎች ገንዘባችሁን አትስጡ። በጌሬ አካባቢ የምትኖሩ ደግሞ እኚህን ሰው ጥሩ፤ ደጋግሜ እላለሁ፣ እርሳቸውን ጥሩ። ንብ ባይኖርባችሁም ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ላይ ማራቸውን ግዙ፤ የአካሲያ አበባው ማር ነጣ ያለና ቀጭን ነው፣ ልጆች ይወዱታል። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ እሰጣችኋለሁ። እድሜና ጤና ይስጥልን።