ምስጋና እና ጥቆማ፦ የመጽሐፋችንን ማውጫና መጠቁም በላቴክ ላዘጋጁልን ባለሙያ

ብዙ ጸሐፊዎች የተሳተፉበትን ማመሳከሪያ መጽሐፋችንን በላቴክ (የገጹ መልክ በጽሑፍ ትእዛዝ በሚወሰንበት የኅትመት ማቀናበሪያ ፕሮግራም) አቀናብረው ለኅትመት ላበቁልን የገጽ ቅንብር ባለሙያ፣ በአዘጋጆቹ ሁሉ ስም ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የገጹ ማማር ብቻውን እንዲህ ያለ ጽሑፍ ባላስጻፈኝ ነበር፤ መልካም ገጽ የሚያወጡ አቀናባሪዎች ጥቂት አይደሉም። እርሳቸውን ለሌሎች እንድጠቁም ያነሣሣኝ፣ በመጽሐፉ መጀመሪያ ያለውን ማውጫና በመጨረሻው ያለውን መጠቁም (ቃላት በየትኛው ገጽ እንደሚገኙ የሚያሳየውን ዝርዝር) የሚያወጡትን የማክሮ ፓኬጆች፣ ማለትም በላቴክ ላይ የሚጨመሩ የትእዛዝ ስብስቦችን፣ እርስ በርስ ሳይጋጩ እንዲሠሩ ያደረጉበት ችሎታ ነው።

ፋይሉ እጃቸው ሲገባ ቀደም ሲል የሠራበት ሌላ አቀናባሪ ከያለበት ያሰባሰባቸው ፓኬጆች ተደራርበውበት ነበር። የማውጫውን መልክ የሚወስኑት ቶክሎፍትና ታይትልቶክ ሁለቱም ተጭነዋል፤ የሚነኩት ያንኑ የውስጥ ትእዛዝ በመሆኑ አንዱ የደነገገውን ሌላው ይሽረዋል። መጠቁሙን ማውጫ ውስጥ በራሱ የሚያስገባው ቶክቢብባይንድ እያለ ያው መስመር በእጅም ተጽፎ ስለነበር፣ «መጠቁም» የሚለው ርእስ በማውጫው ላይ ሁለት ጊዜ ይታይ ነበር። ባለሙያው ቶክሎፍትን ብቻ ይዘው ታይትልቶክን አወጡ፤ በእጅ የገባውንም መስመር ሰረዙ። የስሞችና የርእሶች መጠቁም ለየብቻ እንዲሆን ኢሜክአይዲኤክስ የተባለውን ፓኬጅ ካስገቡ በኋላም፣ ሁለቱን ወደ ማውጫ የማስገባቱን ሥራ ለዚሁ ፓኬጅ ብቻ ሰጡ። በፒዲኤፉ ውስጥ የሚጫኑ አገናኞችን የሚፈጥረው ሃይፐርሬፍ የሌሎችን ፓኬጆች ትእዛዛት እንደገና ስለሚደነግግ ከእነርሱ ኋላ እንዲጫን አደረጉ።

በሌላ ፓኬጅ የሚወጣው የአኅጽሮተ ቃላት ዝርዝር ብቻ ወደ ማውጫ በእጅ መግባት ነበረበት። ትንሽ የሚመስለው ይህ መስመር ሁለት ወጥመድ አለው። አዲሱ ገጽ ከመከፈቱ በፊት ከተጻፈ ማውጫው የቀደመውን ገጽ ቁጥር ይይዛል፤ አገናኙ የሚያርፍበትን ቦታ የሚያበጀው ፋንተምሴክሽን የሚባለው ትእዛዝ ካልቀደመው ደግሞ በፒዲኤፉ ላይ ርእሱን የሚጫን አንባቢ ከዝርዝሩ በፊት ወዳለው ክፍል ይወሰዳል። በወረቀት ብቻ የሚያርም ሰው ይህን ሁለተኛውን ስሕተት በጭራሽ አያየውም፤ እርሳቸው ግን የማውጫውን አገናኞች አንድ በአንድ እየተጫኑ ነው የፈተሹት።

ከሁሉ የከበደው የመጠቁሙ ሥራ ነበር። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራው መጠቁም አውጪ ፕሮግራም ሜክኢንዴክስ ቃላትን የሚደረድረው ባይት በባይት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ፊደሉን የሚያስቀምጥባቸውን ቁጥሮች እያየ ነው። የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ ቁጥር ወደሚሰጠው መስፈርት) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በመሆኑ፣ ያ ፕሮግራም ሀ፣ ሁ እና ሂ የአንድ ቤት ፊደላት መሆናቸውን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ስለዚህ ለየፊደሉ ቤት ርእስ አውጥቶ ቃላቱን ከሥሩ መሰብሰብ አይችልም። ባለሙያው በእርሱ ፈንታ ዚንዲ የተባለውን ሌላ መጠቁም አውጪ ፕሮግራም መረጡ፤ ዚንዲ የቅደም ተከተሉን ደንብ ተጠቃሚው ራሱ ጽፎ እንዲሰጠው ይፈቅዳል። ከሀ እስከ ፐ ያለውን እያንዳንዱን ቤት በአንድ ቡድን አደራጁ። አንዱ ጸሐፊ «ጸሐይ»፣ ሌላው «ፀሐይ» ብሎ ሲጽፍ መጠቁሙ ለሁለት እንዳይከፈል፣ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት የሚያዋሕድ ደንብ ጨመሩ፤ የትኛው አጻጻፍ ይታተም የሚለውን ግን ለእኛ ተዉልን።

ዚንዲና ሃይፐርሬፍ ሲገናኙ ሌላ ግጭት ይፈጠራል። ሃይፐርሬፍ የገጽ ቁጥሩ ወደ ገጹ የሚያደርስ አገናኝ እንዲሆን በእያንዳንዱ የመጠቁም ቃል ላይ ሃይፐርፔጅ የሚል መለያ ይለጥፋል። ዚንዲ ይህን መለያ አስቀድሞ ካልተነገረው «አላውቀውም» የሚል ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የገጹን ቁጥር ይዘለዋል፤ ማስጠንቀቂያውን ያላነበበ ሰው የሚያየው የጎደለ መጠቁም ነው። መፍትሔው በዚንዲ የደንብ ፋይል ውስጥ መለያውን ማስተዋወቅ ነው፤ ጥቂት መስመር ብቻ ይበቃል፤ የት እንደሚጻፍ ማወቁ ነው ሙያው።

ሥራውን ያስረከቡት ፒዲኤፉን ብቻ ሰጥተው አይደለም። እያንዳንዱ ፓኬጅ ለምን እንደተጫነና ለምን በዚያ ቦታ እንደተቀመጠ በምንጭ ፋይሉ ውስጥ በአማርኛ ማብራሪያ ጽፈውበታል። ላቴክ በተለመደው አሠራሩ ዚንዲን ከውስጥ ስለማያስነሣ፣ ሥራውን በተራ የሚያስኬድ አጭር ስክሪፕትም አዘጋጅተዋል፦ መጀመሪያ ሉአላቴክ (ምንጭ ፋይሉን ወደ ፒዲኤፍ የሚለውጠው የላቴክ ዓይነት)፣ ቀጥሎ ለሁለቱም መጠቁሞች ዚንዲ፣ ከዚያ እንደገና ሉአላቴክ ሁለት ጊዜ። ማውጫው የሚያነበው ባለፈው ዙር የተጻፈውን ፋይል ስለሆነ የመጨረሻው ድግግሞሽ አይዘለልም። የኋለኛውን እርማት እኛው ራሳችን አስገብተን፣ ያለ እርሳቸው እርዳታ ትክክለኛ ማውጫ አውጥተናል።

ሥራ ሊሰጧቸው ለሚያስቡ አንድ ነገር ላሳስብ። የትኛው ቃል መጠቁም ውስጥ ይግባ የሚለውን እርሳቸው አይመርጡም፤ ይዘቱን የሚያውቀው አዘጋጁ ነው ይላሉ፤ እኔም እስማማለሁ። ስለዚህ ቃላቱን አስቀድማችሁ ምልክት አድርጉባቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዳይጠቀስ ስለጠየቁ አላነሣሁትም፤ በውስጥ መስመር ለሚጽፍልኝ ግን እርሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛለሁ።