ኤአይ አሰልጣኝ ያለው ሰዓት ለአዲስ አበባ ሯጭ ይሆናል?

ሰዓቱን የገዛሁት ፒያሳ አካባቢ ካለ ሱቅ ነው። ያገለገለ ነው፣ ግን ንጹህ። ብራንዱን አልጠራም፤ የማወራው ነገር ከሞላ ጎደል ሁሉም ላይ አለ። መሸጫው "ኤአይ አሰልጣኝ" የሚሉት ነው፦ የልብ ምታችሁን፣ እንቅልፋችሁንና ፍጥነታችሁን አይቶ ነገ ምን እንደምትሮጡ ይነግራችኋል። ባለሱቁ "ይሄ ካለህ አሰልጣኝ ምን ያደርግልሃል ወንድሜ" ብሎ ነው የሸጠልኝ። ነጋዴ ነው፣ ሌላ ምን ይበል።

ከጥሩው ልጀምር። ቀስ እንድል አድርጎኛል። ከጓደኛ ጋር ሲሮጥ ቀስ ማለት ከባድ ነው፤ አንዱ ትንሽ ፈጠን ሲል ሌላው እልህ ይይዘዋል፣ "ዛሬ ቀለል አድርገን" ተብሎ የተጀመረው ሩጫ ስታዲየም ጋ ስትደርሱ ውድድር ሆኖ ቁጭ ይላል። ሰዓቱ ግን ከተቀመጠለት ምት ስታልፉ እጃችሁ ላይ ቫይብሬት እያደረገ ይነዘንዛችኋል። በዚህ ብቻ እግሬን ይዞኝ የነበረው ድካም ቀሎልኛል። ሌላው፣ ተኝታችሁ ሳለ የሚለካው የልብ ምት ነው። አንድ ጠዋት ከወትሮዬ ከፍ ብሎ "ዛሬ እረፍት አድርግ" አለኝ፤ ምንም አልተሰማኝም ነበር፣ ማታውን ጉንፋን ጣለኝ። አስማት አይደለም። ሰውነት ከበሽታ ጋር ሲታገል ልብ በእረፍትም ፈጠን ብሎ ይመታል፣ ሰዓቱም የቆየ ልኬን ስለሚያውቅ ልዩነቱን አየ። እኔን ከራሴ ጋር ሲያወዳድር ጎበዝ ነው።

ከሌላው ዓለም ጋር ሲያወዳድረኝ ነው ነገር የሚበላሸው። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባህር ዳርቻ ካለ ሰው በሩብ ያህል ያንሳል። ሰዓቱ "ቪኦቱ ማክስ" የሚባለውን የአቅም ቁጥር የሚገምተው ደግሞ ፍጥነትን ከልብ ምት ጋር እያስተያየ ነው። እዚህ ለዚያው ፍጥነት ልብ የበለጠ ስለሚመታ፣ ደካማ ነህ ይለኛል። ለሥራ ሐዋሳ ወርጄ ሐይቁ ዳር ስሮጥ "እንኳን ደስ ያለህ፣ አቅምህ ጨምሯል" አለኝ! ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ናት፤ የጨመረው አየሩ ነው። ከፍታን የሚያሰሉ ሞዴሎች አሉ፣ ዋጋቸው ግን አይቀመስም።

የልብ ምት ዞኖቹም፣ ማለት ሩጫውን ከቀላል እስከ ከባድ የሚከፍልባቸው የምት ደረጃዎች፣ እንደዚሁ ናቸው። ብዙ አፕ 220 ላይ ዕድሜያችሁን ቀንሶ ከፍተኛ ምታችሁ ይሄ ነው ይላል። ይህ የብዙ ሰው አማካይ ነው፤ ዕድሜያቸው እኩል በሆነ ሁለት ሰዎች መሀል እንኳ ከ10 ምት በላይ ልዩነት ሊኖር ይችላል። የልብ ችግር ከሌለባችሁ፣ በደንብ አሟሙቃችሁ ረዘም ያለ ዳገት ላይ ያላችሁን ሁሉ ስጡና ያያችሁትን ትልቁን ቁጥር በእጅ አስገቡ። ከዚያ በኋላ ምክሩ ሰው ሰው መሽተት ይጀምራል።

አሁን መስቀል አደባባይ። ለሊት 11 ሰዓት፣ ብርድ፣ ደረጃው በሯጭ ተሞልቶ። እኛ እዚያ የምንሮጠው በየደረጃው ከጫፍ ጫፍ እየተመላለስን ወደ ላይ መውጣት ነው። የአንዱ ደረጃና የሚቀጥለው ርቀት ትንሽ ነው፣ ጂፒኤስ ደግሞ በጥቂት ሜትሮች መሳቱ ያለ ነው፤ ስለዚህ አንዱን ደረጃ ከሌላው አይለየውም። ቤት ገብቼ ካርታውን ስከፍት ሕፃን የሞነጫጨረው ወረቀት ነው፣ አንዱ መስመር እንዲያውም በቀይ ሽብር ሙዚየም ጣሪያ ላይ ያልፋል። በዚያ ላይ በብርዱ የእጅ ቆዳ ላይ ያሉት ደም ስሮች ይጠባሉ፤ ሰዓቱ ምት የሚያነበው በአረንጓዴ መብራት የደሙን ፍሰት አይቶ ስለሆነ ይጠፋበትና የእግርን ኮቴ መቁጠር ይጀምራል። አንዴ በሶምሶማ 176 ሲለኝ ቆሜ አንገቴ ላይ በጣቴ ለ15 ሰከንድ ቆጠርኩ፦ 35። አራት ጊዜ ሲባዛ 140። አጠገቤ ሰውነታቸውን ሲያፍታቱ የነበሩ አንድ ጋሼ "ልጄ፣ እሱ ያለህን ትተህ ትንፋሽህን ስማ" አሉኝ። በዚያች ሰዓት ትክክል ነበሩ።

ጓደኛዬ ማኪያቶ እየጠጣን "ኦፍሳይድ በሴንቲሜትር የሚለይ ኤአይ ያንተን ልብ እንዴት ይስታል?" ብሎ ተከራክሮኛል። ጥያቄው ጥሩ ነው። በ2022ቱ የኳታር ዓለም ዋንጫ ከስታዲየሙ ጣሪያ ስር 12 ካሜራዎች ነበሩ፤ የእያንዳንዱን ተጫዋች 29 የአካል ነጥቦች በሰከንድ 50 ጊዜ ይከታተላሉ፣ ኳሱ ውስጥ ያለው ሰንሰር በሰከንድ 500 ጊዜ መረጃ ይልካል። ሜዳው የታወቀ፣ ጥያቄውም አንድ ነው። ያም ሆኖ የመጨረሻው ውሳኔ የዳኛ ነበር። እኔ ያለኝ እጄ ላይ አንድ መብራት ነው፣ እሱም ስለ ሕይወቴ የሚያውቀው የለም። በሁዳዴ እስከ ቀን 9 ሰዓት ሳልበላ መዋሌን አያውቅም፣ ረጅሙን ሩጫ ዓርብ ላይ ይደነቅረዋል። የፋሲካ ለሊት ቅዳሴ አድሬ ስመጣ "እንቅልፍህ ተዛብቷል፣ ሕመም ሊኖርህ ይችላል" አለኝ። አይ ጌታዬ፣ ዶሮ ነው የሚጠብቀኝ።

እገዛዋለሁ ወይ ለምትሉ፦ ገና ሩጫ እየጀመራችሁ ከሆነና የሚመራችሁ ሰው ከሌለ፣ አዎ። ጃንሜዳም ሆነ ሌላ ቦታ በአሰልጣኝ የምትሠሩ ከሆነ ግን ፍጥነትና ርቀት የሚለካ ርካሽ ሰዓት ይበቃችኋል፣ የተረፈውን ብር ጫማ ግዙበት። ምቱን በትክክል የምትፈልጉ ደረት ላይ የሚታሰረውን የምት መለኪያ ጨምሩ። ወርሃዊውን የኤአይ ክፍያ እኔ ትቼዋለሁ፤ በዶላር ነው፣ አማርኛም አይችልም፣ ነጻው ላይ የሌለ ብዙ ነገር አላየሁበትም። ያገለገለ ስትገዙ እዚያው ሱቁ በር ላይ ጂፒኤሱን ከፍታችሁ ባትሪው እንዴት እንደሚወርድ እዩ፣ የቀድሞው ባለቤት አካውንት መውጣቱንም ብር ሳትከፍሉ አረጋግጡ።