ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ወላጆች፣ አንዲት መምህርት ልጠቁማችሁ

ትንንሽ ልጆች ያላችሁ የማርቆስ ሰዎች፣ ይቺን አንብቡልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ግቢዋ ውስጥ ልጆች ሰብስባ የእጅ ሥራ የምታስተምር መምህርት አለች። ስሟ አደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለገች አልጽፈውም። የሚፈልጋት በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ አገናኛለሁ።

ሰሞኑን ልጄ የወረቀት ቅጠል አክሊል ደፍታ መጣች። "ማን ሠራልሽ?" ብላት ተቆጣች። "ራሴ ነኛ!" እውነቷን ነው። አንዱ ቅጠል ሰፊ፣ ሌላው ቀጭን፣ ኮላው እዚህም እዚያም የፈሰሰ። ደስ ያለኝም ይሄው ነው። "ልጅዎ የሠራችው" ተብሎ ቤት የሚላክልን ነገር አብዛኛው የትልቅ ሰው እጅ መሆኑን እኮ እያወቅን ነው የምናጨበጭበው።

አሠራሯን ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። መጀመሪያ ልጆቹ የወደቀ ቅጠል ይለቅማሉ፤ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ያገኙትን። የብሳና ቅጠል ሲያረጅ ብርቱካንማ ስለሚሆን እሱ ላይ ይሻማሉ። ቅጠሉን ጀርባውን ወደ ላይ አድርገው ከወረቀት ሥር ያስቀምጡታል። ከላይ በከለር ሲፈገፍጉት ጅማቱ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ከዚያ መቁረጥ ነው። መቀስ የሚያስቸግረው ልጅ ወረቀቱን ለሁለት አጥፎ ግማሽ ቅጠል ብቻ ይቆርጣል፤ ሲገልጠው ሙሉ ይሆንለታል። እዚህ ላይ ጩኸቱን ቻሉት።

ማሰሪያውን ከእያንዳንዱ ልጅ ጭንቅላት ጋር በክር ትለካለች። ቤት ለምትሞክሩ፣ የኤ4 ወረቀት ቁመት 29.7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ አንዱ አይደርስም፣ ሁለት ቀጥሉ። ስቴፕለር የምትመታው እሷ ብቻ ናት። የሽቦውን ጫፍ ወደ ውጭ አድርጋ ፕላስተር ትለጥፍበታለች። ፀጉር አይይዝ፣ ግንባር አይቧጭር። እኔን የማረከችኝ በዚህች ጥንቃቄ ነው።

አክሊል ምን እንደሆነ ማስረዳትስ አላስፈለጋትም። ሆሳዕና ላይ ዘንባባ ራሱ ላይ ማሰር የለመደ ልጅ ምን ይነገረዋል?

ዋጋዋ አይጎዳም፤ የድሮ ካላንደርና የጫማ ካርቶን ሳይቀር ትጠቀማለች። ብቻ ጥሩ ልብስ አታልብሷቸው። ቦታውም ጠባብ ነው፣ ቀድማችሁ አስመዝግቡ።

መምህርት፣ እግዜር ይስጥልን። እጅሽን ቁርጥማት አይንካው። ክረምት ሲገባ እንዳታቋርጪብን፤ ዝናቡ ካስቸገረሽ ሸራውን እኛ መጥተን እንወጥራለን።