ለልጆች ክፍሏ ሲስተር፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ባሕር ዳር ያላችሁ ወላጆች፣ እባካችሁ ይህን አንብቡልኝ። የአራተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ ስትገረጣ፣ ትንሽ ስትራመድ ስታለከልክ፣ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛዋ ላይ ስትደፋ ከርማ አሁን ከጓደኞቿ ጋር ገመድ ትዘላለች። ለዚህ ያበቃችን በመንግሥት ጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ነርስ ናት።

ከዚያ በፊት ያልሄድንበት የለም። አንዱ ዘንድ ታይፎይድ ነው ተብሎ በመርፌ ተበሳሳች። ሌላው ዘንድ ውድ ቫይታሚን ታዘዘላት። አንዱማ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «ትምህርት ጠልታ ነው» ብሎ አሰናበተን። ገንዘቡስ ይቅር፤ ልጄ በሰው ፊት ሰነፍ ተብላ እያለቀሰች መውጣቷ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስማቸውን አልጠራም፤ ፈጣሪ ያውቃቸዋል።

ሲስተር የልጄን የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ አድርጋ አየች፤ መዳፏንም ገልጣ ተመለከተች። ከዚያ እኔን ትታ እሷኑ «የእኔ እናት፣ አፈር ያምርሻል?» አለቻት። ልጄ አንገቷን ደፋች። «አይዞሽ፤ እኔም ልጅ ሳለሁ የግድግዳ ጭቃ እየፈቀፈቅሁ እበላ ነበር» ስትላት፣ ለእኔ እንኳ ነግራኝ የማታውቀውን ሁሉ ዘረገፈችላት። ስለ ሙያ ብዙ አላውቅም፤ ልጅን ሳያሳፍሩ ማናገር ግን ትልቅ ሙያ እንደሆነ ያን ጊዜ አየሁ።

ሰገራዋ ሲመረመር መንጠቆ ትል ተገኘባት። የደሟ መጠን (ሄሞግሎቢን የሚሉት) ሲለካ 7 ነጥብ 8 ሆነ፤ በእሷ ዕድሜ ከ11 ነጥብ 5 ማነስ አልነበረበትም። የቀረውን የምርመራ ነገር አልተረዳሁትም። ሲስተር ግን ትሉ በባዶ እግር ቆዳ በስቶ እንደሚገባ፣ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም እንደሚመጥጥ፣ አፈር የሚያስመኛትም ደሟ በመመጠጡ የመጣው የብረት እጥረት እንደሆነ በሚገባኝ ቋንቋ አስረዳችኝ። አልቤንዳዞል የሚባል የትል መድኃኒት አስዋጠቻት፤ የአይረን (የብረት) ሽሮፕም ሰጠችን። «ሰገራዋ ቢጠቁር ከመድኃኒቱ ነውና አትደንግጪ፤ ከምግብ ጋር ሻይ አትስጫት፣ ብርቱካን ይሻላታል፤ ተሻላት ብለሽም ሽሮፑን እንዳታቋርጪ» አለችኝ። ባትነግረኝ ኖሮ ጥቁሩን ሰገራ ሳይ በድንጋጤ መድኃኒቱን እጥለው ነበር።

እባካችሁ፣ ልጃችሁ ከገረጣ፣ ቶሎ ከደከመው፣ አፈር ወይም ጠመኔ ካማረው ማንም ሰነፍ እንዲለው አትፍቀዱ። ትምህርት ቤት የትል መድኃኒት በሚታደልበት ቀንም አታስቀሩት። ወደዚች ደግ ሴት ውሰዱት። ስሟን አደባባይ እንዳላወጣ ለምናኛለች፤ ጤና ጣቢያውን ግን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ። የልጆች ክፍል ቶሎ ስለሚጨናነቅ በማለዳ ሂዱ።