ሕፃናትን ማስተማር፦ በክረምት ወይስ ዓመቱን ሙሉ?

በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ክፍል ማገልገል ለሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት አማራጭ አለ። አንዱ የክረምት ትምህርት ነው። ሌላው ዓመቱን ሙሉ እሑድ እሑድ ማስተማር።

ክረምቱ ሞቅ ያለ ነው። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ልጆቹ ይጎርፋሉ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ደግሞ ጾመ ፍልሰታ ነው፤ ጠዋት ተምረው ከሰዓት የሚያስቀድሱ ብዙ ናቸው። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪም ይመቻል። ችግሩ ክፍሉ ይጨናነቃል፤ የአምስት ዓመቱና የአሥር ዓመቱ አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ስማቸውን ለይታችሁ ሳትጨርሱ ነሐሴ ያልቃል።

የእሑዱ ቀዝቀዝ ይላል። ፈተና ሲደርስ ግማሾቹ ይቀራሉ። ከቅዳሴ የወጣ ልጅ ርቦታል፣ እንቅልፉም መጥቷል፤ ረጅም ስብከት ማን ይሰማችኋል? አጭር ታሪክና መዝሙር ይበቃል። ግን ልጁን የምታውቁት እዚህ ነው። ማንበብ የሚቸግረው የቱ ነው? ሰሞኑን ዝም ያለውስ? ከልደት እስከ ጥምቀት፣ ከጥምቀት እስከ ሆሳዕና አብራችሁት ስትከርሙ ይገባችኋል። ለሆሳዕና ዘንባባ ይዞ ሲዘምር ደግሞ ያስጠናችሁት እናንተ ናችሁ!

እኔ እሑዱን እመርጣለሁ። ሥራችሁ በፈረቃ ከሆነ ግን ክረምቱን ያዙ። አንድ ሳምንት መጥቶ ሁለት ሳምንት የሚጠፋ መምህር ለልጆች አይሆንም።

በሁለቱም ብቻችሁን ክፍል አትያዙ፤ ሁለት ሁኑ። ልጁን ማን መጥቶ እንደሚወስደውም ቀድማችሁ ጠይቁ።