ለዓሣም ለስኪም የሚሆን የቤተሰብ ጀልባ፦ የቱን እንግዛ?

ሚኒሶታ ለምንኖር ሰዎች ሐይቅ ብርቅ አይደለም። ሰመር ሲገባ ታዲያ ጀልባ የመግዛት ወሬ በየቤቱ ይነሳል። አባት ዋልአይ የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ ይፈልጋል። ልጆቹን ደግሞ በገመድ እየተጎተቱ ውሃ ላይ መንሸራተት፣ ዋተር ስኪ፣ ያምራቸዋል። ስኪ የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ራልፍ ሳሙኤልሰን የሚባል ወጣት በ1922 ፔፒን ሐይቅ ላይ ነው የጀመረው። ሁለት ጀልባ መግዛት ግን ለአብዛኞቻችን የሚታሰብ አይደለም። ሁለቱንም የሚችል አንድ ጀልባ መፈለግ ግድ ነው።

ለዚህ ዓላማ በቁም ነገር የሚታዩት አራት ዓይነት ናቸው። «ፊሽ ኤንድ ስኪ» የሚባለው የፋይበርግላስ ጀልባ፣ ሆዱ በቪ ቅርጽ የተሠራ የአሉሚኒየም ጀልባ፣ በአሉሚኒየም ቱቦዎች ላይ የሚንሳፈፈው መድረክ መሰል ፖንቱን እና ፊቱ ላይ ወንበር ያለው ቦውራይደር። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ከአራት እስከ ስድስት ሰው ላለው ቤተሰብ አሉሚኒየሙን እመርጣለሁ። አያትም አክስትም የጎረቤት ልጅም አብሮ የሚሄድበት ቤት ከሆነ ግን ባለ ሦስት ቱቦው ፖንቱን ያሸንፋል። ቀሪዎቹ ሁለቱ ጥሩ የሚሆኑበት ሁኔታ አለ፤ ግን ጠባብ ነው።

ስኪውን የሚወስነው ሞተሩ ነው

ከውሃ ውስጥ ስኪ ላይ መነሳት ምን እንደሚመስል አስቡት። ልጅቷ ጉልበቷን አጥፋ ውሃው ውስጥ ተቀምጣለች። የስኪዎቹ ጫፍ ብቻ ብቅ ብሏል። ገመዱ ተወጥሯል። «ሂድ!» ስትል ጀልባው ወዲያው ሊስባት ይገባል። አቅም ያነሰው ሞተር ግን የጀልባውን አፍንጫ ወደ ላይ ቀስሮ ያቃስታል። ልጅቷ ውሃ እየጠጣች ትጎተታለች፣ ክንዷ ይዝላል፣ እጀታውን ትለቃለች። ሁለት ሦስቴ እንዲህ ከሆነ ስኪ የሚባል ነገር ያስጠላታል።

ስለዚህ ወሳኙ የመነሻ ጉልበት ነው እንጂ ከፍተኛ ፍጥነት አይደለም። ለጀማሪ ልጅ በሰዓት ከ13 እስከ 18 ማይል ይበቃል። በሁለት ስኪ የሚሄድ አዋቂም ከ20 እስከ 25 ማይል ቢሆንለት ደስተኛ ነው። ይህን ፍጥነት ብዙ ጀልባ ይደርስበታል። ሰው ጭኖ፣ ነዳጅ ሞልቶ፣ አዋቂ ሰው ከውሃ መንጭቆ የሚያወጣው ግን ጥቂቱ ነው። ለ17 እና ለ18 ጫማ ጀልባ 115 ፈረስ ጉልበት ዝቅተኛው ነው እላለሁ። አምስት ስድስት ሰው የምትጭኑ ከሆነ 150 ፈልጉ።

ማስታወቂያ ላይ ዋጋው ዝቅ ብሎ የሚታየው ጀልባ ብዙ ጊዜ ትንሹ ሞተር የተገጠመለት ነው። ከ20 ጫማ በታች የሆኑ ሞተር ጀልባዎች ላይ የሚፈቀደው የሰው ብዛት፣ ክብደትና ከፍተኛው የፈረስ ጉልበት የተጻፈበት ትንሽ ታርጋ ተለጥፎ ይገኛል። እሱን አንብቡ። ታርጋው እስከ 150 እየፈቀደ ጀልባው 75 ከተገጠመለት ለዓሣ ይሆናል፤ ለስኪ ግን እለፉት። በኋላ ትልቅ ሞተር እንቀይራለን ማለት ከጀልባው ዋጋ ጋር የሚፎካከር ወጪ ነው።

ሞተሩ የት ተቀመጠ የሚለውም ቀላል ነገር አይደለም። ከኋላ በውጭ በኩል የሚንጠለጠለው አውትቦርድ ቀጥ አድርገው ሲያቆሙት ውስጡ የቀረው ውሃ በራሱ ይፈሳል። ሞተሩ ጀልባው ውስጥ ተቀብሮ ማስተላለፊያው ብቻ ወደ ውጭ የሚወጣው ስተርንድራይቭ ግን ከክረምቱ በፊት ውሃው በደንብ ካልወጣለት በረዶ የሞተሩን ብረት ይሰነጥቀዋል። በሚኒሶታ ብርድ ይህ ቀልድ አይደለም። እኔ በዚህ አገር ለቤተሰብ የምመክረው አውትቦርድ ብቻ ነው።

ዓሣውን የሚወስነው የፊት ወለሉ ነው

አስጋሪ የሚፈልገው ጀልባው ፊት ላይ የሚቆምበት ሰፊ ጠፍጣፋ ወለል፣ ድምፁ የማይሰማ የኤሌክትሪክ ትሮሊንግ ሞተር፣ ዓሣው በሕይወት የሚቆይበት የውሃ ገንዳ እና የማጥመጃ ዘንግ የሚቆለፍበት ሳጥን ነው። ትሮሊንግ ሞተሩ ጀልባውን በነፋስ ላይ ባለበት ቦታ ይይዘዋል። ጉልበቱ በፓውንድ ነው የሚለካው። ለእያንዳንዱ 100 ፓውንድ ክብደት 2 ፓውንድ ግፊት የሚለው የተለመደ ስሌት አያሳስትም። ሰውና ዕቃ ተጭኖ 3,000 ፓውንድ የሚሆን ጀልባ 60 ፓውንድ ግፊት ያስፈልገዋል ማለት ነው። ነፋስ ለሚበዛበት ሐይቅ ጨመር ይደረግ።

የዘንግ ሳጥኑን ሰው ይንቀዋል። ሁለት ሥራ በሚሠራ ጀልባ ውስጥ ግን ከሁሉም በላይ እሱን እመለከታለሁ። ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ ወለል ላይ ወድቆ፣ ከስኪ የተመለሰ ልጅ በባዶ እግሩ ሲረግጠው ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። ቀኑ እዚያው ያበቃል፤ ቀጣዩ ጉዞ ወደ ሐኪም ነው። ሳጥኑ 7 ጫማ ዘንግ ሙሉ ለሙሉ ውጦ መዘጋት አለበት። ጀልባ ልታዩ ስትሄዱ ዘንጋችሁን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ክተቱት። ሻጩ ቢገረም ይገረም።

አሉሚኒየም ወይስ ፊሽ ኤንድ ስኪ?

ሁለቱ በአሠራር ይመሳሰላሉ። መስታወት ከፊት፣ የሚተጣጠፉ ወንበሮች፣ ትራሱ ሲነሳ ለአስጋሪ የሚሆን የፊት ወለል፣ ስኪ ገመድ የሚታሰርበት ተነቃይ ምሰሶ። የፋይበርግላሱ ከባድ ስለሆነ ማዕበል ላይ ብዙ አያንገጫግጭም፤ መልኩም ያምራል። ግን ድንጋይ ሲነካው ይጫራል፣ ለመጎተትም ይከብዳል። በዚህ ላይ አዲስ የሚያመርቱት ፋብሪካዎች እየተመናመኑ ስለመጡ የምታገኙት ባብዛኛው ያገለገለ ነው።

አሉሚኒየሙ ደግሞ ለሚኒሶታ የተፈጠረ ይመስላል። ለንድ የሚባለው ፋብሪካ ከ1948 ጀምሮ እዚሁ ኒው ዮርክ ሚልስ ነው የሚሠራው። ጠጠር ዳርቻ ላይ ብታሳርፉት አይሳቀቅም። ቀላል ስለሆነ በዚያው ሞተር ስኪውን ቶሎ ያነሳል፣ ነዳጅም ይቆጥባል። ጉድለቱ ሚል ላክስን በመሰለ ሰፊ ሐይቅ ላይ ነፋስ ሲነሳ መታየቱ ነው፤ አጫጭር ማዕበል እየደበደበው ወገባችሁን ያሳምማችኋል። ስለዚህ ሲሄድ ውሃውን የሚሰነጥቅ ጥልቅ ቪ ሆድ ያለውን ምረጡ። ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነው ለኩሬ ነው።

በዚህ ክፍል ውስጥ አንድ የምለምናችሁ ነገር አለ። የስኪ ገመድ ጀልባው ሲቆም በሚታሰርበት ብረት ላይ ወይም የወንበር እግር ላይ አይታሰርም። ለዚያ ጉልበት አልተሠሩም፤ ተነቅለው ሰው ይመታሉ። ለመጎተት የተሠራ ምሰሶ ወይም ከኋላ ያሉት ሁለት የብረት ቀለበቶች ላይ ብቻ ይታሰር።

ፖንቱን፦ ሁለት ቱቦ ወይስ ሦስት?

ፖንቱንም የሚኒሶታ ሥራ ነው። አምብሮስ ዊረስ የሚባል ገበሬ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሪችመንድ ከተማ ሠራው። መድረክ መሰል ወለል፣ ዙሪያውን አጥር፣ ከላይ ጥላ። ከአገር ቤት ለጉብኝት የመጡ እናት ሳይጨነቁ የሚሳፈሩበት ጀልባ ይህ ብቻ ነው። ወንበሩ ሶፋ ነው፤ ምሳ ይቀርብበታል፤ ሕፃን አጥሩ ውስጥ ይጫወታል።

ለስኪ ሲሆን ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ሁለት ቱቦ ያለው፣ ከ60 እስከ 90 ፈረስ ጉልበት የተገጠመለት፣ ልጆችን በተነፋ ጎማ ላይ ቀስ አድርጎ ይጎትታል፤ አዋቂ ስኪ ላይ ማስነሳት ይከብደዋል። ባለ ሦስት ቱቦው፣ 150 ወይም ከዚያ በላይ ሲገጠምለት፣ ሌላ ፍጡር ነው። ከውሃው ከፍ ብሎ ይሮጣል፣ ሲታጠፍም ይረጋጋል። ሻጭ «ፖንቱን ስኪ ይጎትታል» ካላችሁ ቱቦውን ቁጠሩ፣ የሞተሩን ቁጥር አንብቡ።

ለዓሣ ደህና ነው። ትሮሊንግ ሞተር ይገጠምለታል፤ አራት ሰው በአራት ማዕዘን ቆሞ ያጠምዳል። ነገር ግን አጥሩና ጥላው ነፋስ ይሰበስባሉ። ክፍት ሐይቅ ላይ ቦታ ይዞ መቆየት ከባድ ነው። በሚኒቶንካ ሐይቅ የተጠለሉ ባሕረ ሰላጤዎች ውስጥ ግን ችግር የለበትም።

ቦውራይደርና ሌሎቹ

ቦውራይደር ፊቱ ላይ ወንበር ያለው የመዝናኛ ጀልባ ነው። ያገለገለ በርካሽ ይገኛል፣ ስኪም ጥሩ ይጎትታል። ዓሣ በዓመት አንዴ ሁለቴ ለምታጠምዱ ይበቃል። ከዚያ በላይ ለሆነ ግን የሚቆምበት ወለል፣ ገንዳም ሳጥንም የለውም፤ መንጠቆ ሶፋውን ይቀድደዋል።

ማስተርክራፍትን የመሳሰሉ የስኪ ብቻ ጀልባዎች አዲሱ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ ዓሣ አያውቁም። ባስ ለሚባለው ዓሣ የማጥመድ ውድድር የተሠራ ጀልባ ጉልበት አለው፤ ወንበሩ ግን ሁለት ሦስት ሰው ነው፣ ጎኑም ዝቅተኛ ነው። ለቤተሰብ አይሆኑም።

ሰዓቱ ይጋጫል

ገዢዎች የማያስቡት ነገር ዓሣም ስኪም ተመሳሳይ ሰዓት መፈለጋቸው ነው። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ውሃው መስታወት ነው። ስኪ የሚወደው ያንን ነው። ዓሣውም ጎህ ሲቀድ ይበላል። ስለዚህ ጀልባው ከዓሣ ወደ ስኪ በስንት ደቂቃ ይቀየራል የሚለው ትልቅ ጥያቄ ነው። ሻጩ ፊት ሞክሩት። ዘንግ ሳጥን ይግባ፣ ትራሱ ቦታው ይመለስ፣ ምሰሶው ይተከል። መፍቻ የሚፈልግ፣ ሁለት ሰው የሚያስለፋ ከሆነ ልጆቹ ይሰለቻሉ፣ በመጨረሻም ከሁለቱ አንዱ ይቀራል።

መኪናችሁ ይችለዋል?

የቶዮታዋ ሚኒቫን ሲዬና ያላችሁ ብዙ ናችሁ። የምትጎትተው እስከ 3,500 ፓውንድ ነው። የቶዮታው ኤስዩቪ፣ የቤንዚኑ ሃይላንደር፣ እንደ ሞዴሉ እስከ 5,000 ይደርሳል። ስትደምሩ ጀልባውን ብቻ እንዳትይዙ፤ ሞተር፣ ትሬለር፣ ባትሪ፣ ዕቃ፣ ነዳጅም አለ። አንድ ጋሎን ቤንዚን ብቻ 6 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል። ቀለል ያለ 17 ጫማ አሉሚኒየም ለሲዬና ሊሆን ይችላል። ባለ ሦስት ቱቦ ፖንቱን ግን ፒካፕ ወይም ትልቅ ኤስዩቪ ይፈልጋል፤ አለዚያ ሐይቅ ዳር ቦታ መከራየት ነው።

ከመክፈል በፊት

ሚኒሶታ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ጀልባው ሲንቀሳቀስ ላይፍ ጃኬት መልበስ ግዴታቸው ነው። ስኪ ስትጎትቱ የሚጎተተውን የሚመለከት ሌላ ሰው ወይም ሰፊ የኋላ መስታወት ያስፈልጋል። እኔ ሁለቱንም ይኑራችሁ እላለሁ። ከ2025 ጀምሮ ወጣት ነጂዎች የጀልባ ፈቃድ ማውጣት አለባቸው። ደንቡ የሚመለከታቸው ነጂዎች በየዓመቱ እየሰፉ ስለሚሄዱ የትውልድ ቀናችሁን ከደንቡ ጋር አመሳክሩ። ከሐይቅ ስትወጡ ደግሞ የጀልባውን መውረጃ ቡሽ ነቅላችሁ፣ የዓሣውንም ገንዳ አፍስሳችሁ ነው መንገድ የምትገቡት። ዜብራ ሙሰል የሚባለው ሐይቅ የሚወርር ትንሽ ባለ ቅርፊት ፍጡር ከሐይቅ ሐይቅ እንዳይዛመት የወጣ ሕግ ነው። ስለዚህ ለዓሣው በረዶ የያዘ ኩለር አዘጋጁ።

ያገለገለ ከሆነ የሞተሩን ታችኛ ክፍል ዘይት ጠብ አድርጋችሁ እዩ። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ሞተሩ የተሰቀለበትን የኋላ ግድግዳ በፕላስቲክ መዶሻ ኳ ኳ አድርጉ፤ ድምፁ ከደነዘዘ እንጨቱ በስብሶ ሊሆን ይችላል። የትሬለሩ ጎማ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግሯችኋል። ከዚያ ቤተሰቡን በሙሉ ጭናችሁ፣ ከመካከላችሁ ከባዱን ሰው ገመድ አስይዛችሁ ውሃ ላይ ሞክሩት። ሻጩ አላስሞክርም ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።