በፋብሪካ የታደሰ ወይስ ከሱቅ ያገለገለ? የቲንክፓድ ቲ480 ንጽጽር

ማሽኑ ያው አንድ የሌኖቮ ላፕቶፕ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ በአብዛኛው ስምንተኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው። አምራቹ አድሶ ሲሸጠው በዋጋው ላይ የሚጨመረው የፍተሻና የዋስትና ሒሳብ ነው። የፕሮሰሰሩን ትውልድ ሳታዩ ግን በየትኛውም መንገድ አትግዙ፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፣ ሰባተኛ ትውልድ የያዘው የቀደመው ሞዴል ቲ470 ደግሞ በይፋ ዊንዶውስ 11ን አይቀበልም።

ከሱቅ ሲገዛ ፍተሻው የገዢው ሥራ ነው። ላፕቶፑ ሲነሳ ኤፍ1 ተጭናችሁ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው የማሽኑ ቅንብር) ግቡ። የሱፐርቫይዘር የይለፍ ቃል (ቅንብሩን የሚቆልፈውን) ከጠየቀ ማሽኑን ተዉት፤ ቃሉ የቦርዱን ትንሿን ባትሪ በማውጣት አይጠፋም። ቀጥሎ ቻርጀሩን በሁለቱም የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳዎች ሞክሩ። የዚህ ሞዴል የተንደርቦልት ፈርምዌር (አንዱን የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳ የሚመራው ውስጣዊ ሶፍትዌር) ሳይታደስ ከቆየ ቀዳዳው ቻርጅ ማድረግ ሊያቆም ይችላል፤ ሲብስ ማዘርቦርድ ያስቀይራል። (ሻጩ «ገመዱ ነው» ይላችኋል።) ባትሪው ሁለት ነው፤ የውስጡ አቅም 24 ዋት ሰዓት ነው። ዊንዶውስ በሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት የሁለቱም የአሁን አቅም ከመጀመሪያው 70 በመቶ በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ አስቀንሱ።

የታደሰው ይህን ሁሉ ጣጣ ያስቀራል፤ ዋስትናው እናንተ ባላችሁበት አገር ካልሠራ ግን ጭማሪው ከንቱ ነው። ለ16 ጊጋባይት ራም ብላችሁም ተጨማሪ አትክፈሉ፤ ሁለት ማስገቢያ ስላለው 8 ጊጋባይት ዲዲአር4 (የራም ዓይነት) ራሳችሁ ትጨምራላችሁ። እንደ አፕል ላፕቶፕ ማክቡክ ኤር ኤም1 ራሙም ማከማቻውም የማይቀየር ከሆነ ግን የታደሰው ዋጋውን ያወጣል።